ስለ ቢስክሌት ጭነትና ስለ ፊተኛው መንኰራኵር

ቢስክሌት ሰውን ከቦታ ወደ ቦታ ከማድረስ በቀር ሌላ አገልግሎት የለውም የሚሉ ሰዎች፣ ስንት ዳቦ፣ ስንት ወተት፣ ስንት ጋዜጣ በሁለት ቀጫጭን መንኰራኵሮች ተጭኖ በየደጃፉ እንደ ደረሰ ቢያስተውሉ ኖሮ፣ ይህን ትሑት መሣሪያ እንዲህ ባላቃለሉት ነበር። የፓሪስ ጋዜጣ አዳዮች ክምራቸውን ከመሪው ፊት በተዘረጋ ሰፊ ብረት ላይ አስረው ይሮጡ ነበር፤ የህንድ ወተት ነጋዴዎች ዕቃቸውን ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ያንጠለጥላሉ፤ በዴንማርክም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት «ሎንግ ጆን» የተባለው፣ ከመሪው ፊት ረዥምና ዝቅተኛ የጭነት መደብ ያለው ቢስክሌት ተሠራ። በ1954 በዲየን ቢየን ፉ ጦርነት ቬትናማውያን ከ200 ኪሎ በላይ የጫኑበት ጊዜ ቢኖርም፣ ያ ተገፍቶ እንጂ ተነድቶ ስላልሆነ ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው።

በጀርባ ማዘል ለቀላል ዕቃና ለአጭር መንገድ ይበቃል። ከኋላ የሚጎተት ጋሪም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰፊ መንገድ ይሻል።

በእኛ አገር፣ ቢስክሌት በተወደደበት በባሕር ዳር ጭምር፣ ሥር የሰደደው ስሕተት ጭነት ሁሉ የኋላው መጫኛ ዕጣ ነው የሚለው ሐሳብ ነው። የተቀመጠው ሰው ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው አስቀድሞ በኋላው መንኰራኵር ላይ ማረፉ ተዘንግቶ፣ ጆንያው ደግሞ ከመንኰራኵሩ እምብርት ወደ ኋላ አልፎ ሲታሰር፣ ራጂው ይሰበራል፤ የፊተኛው ጎማ ይቀልና በአቀበት ላይ መሬቱን መርገጥ ይሳነዋል፤ መሪውም መዋለል ይጀምራል። አህያ የሚጭን ባላገር ሁለቱን ወገን ሳያመዛዝን እንደማይነሣ ሁሉ፣ ቢስክሌትም ከግራና ከቀኝ ብቻ ሳይሆን ከፊትና ከኋላም ሚዛን ይፈልጋል።

የፊት ጭነት ሁለት ሥርዓት አለው፤ እኔ እጅግ የምወደውም ይህን የነገሩን ክፍል ነው። በአንደኛው መጫኛው ከፎርኬላው ጋር ተያይዞ ከመሪው ጋር ይዞራል፤ ዕቃው ቀላል ሲሆን፣ ይልቁንም ከጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ሲታሰር፣ መሪውን ያረጋጋዋል፤ ሲከብድ ግን እጅን ያደክማል። በሁለተኛው፣ የእንግሊዝ የሥጋና የሸቀጥ ነጋዴዎች ለተላላኪዎቻቸው ባሠሩት ቢስክሌት እንደሚታየው፣ ትልቁ ቅርጫት ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ የፊት ጎማው አንሶ ይሠራና ቅርጫቱ በራሱ በቴላዮው ላይ ይታሰራል። እንግዲህ ጎማው ከበታች ሲዞር ቅርጫቱ ከነጭነቱ ወደ ፊት እንደ ተመለከተ ይቀራል። መጀመሪያ የሚነዳው ሰው መሪው ተሰብሯል ብሎ ይደነግጣል፤ እንዲህ ያለውን ቢስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ስይዝ አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቅርጫቱን ተወውና መንገዱን ተመልከት» ያሉኝ የጥበቡ ሁሉ መጀመሪያ ነበር። ክብደቱን ቴላዮው ስለሚሸከም መሪው ቀላል ነው፤ ቢስክሌቱ ሲቆምም ጭነቱ መሪውን ጠምዝዞ አይጥለውም። በመንገድ ከሚወድቀው ጭነት ይልቅ በመቆሚያ ላይ የሚወድቀው ስለሚበዛ፣ ይህ ታላቅ ትሩፋት ነው።

ፌስታል ከመሪ ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰዎች ግን ሊወቀሱ ይገባል፤ ፌስታሉ እየተወዛወዘ መሪውን ይጎትታል፣ ከጉልበት ጋር ይጋጫል፣ በመጨረሻም ራጂው ውስጥ ገብቶ ጎማውን በአንድ ጊዜ ያቆመዋል። ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠው ማሰሪያ ከሲባጎ ይልቅ ስለሚለጠጥ ዕቃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ትርፍ ጫፉ ግን ተንጠልጥሎ እንዳይቀር መጠቅለል አለበት። ጭነት የያዘ ቢስክሌት ለመቆም ረዥም ርቀት ስለሚሻና ሲቆምም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል፣ የፊት ፍሬኑ የማይሠራ ቢስክሌት ከቶ ባይጫን ይመረጣል።