ከስኮሩ በታች ያሉት መስመሮች

"የአመልካቹ ማጣሪያ ሪፖርት ገብቷል" ብዬ ስደውል አከራዮች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ስኮሩ ስንት ነው?" 720 ካልኳቸው ድምፃቸው ይፈታል። 610 ካልኳቸው "እንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጊልን" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ስላሉት ገጾች የሚጠይቅ ብርቅ ነው። እኔ ደግሞ በሜሪላንድ፣ በዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ የሰው ቤት ሳከራይና ሳስተዳድር አብዛኛው ሥራዬ እነዚያን ገጾች ማንበብ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። እሳቸው ስኮሩን እንኳ አይጠይቁም። "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ቁጥር ተይውና፣ ሰውየው ጥሩ ሰው ነው ወይስ አይደለም?" አዲስ አበባ ቢሆን ደላላው፣ የድሮ አከራዩ ወይም ዋሱ ይመልሱላቸው ነበር። ሪፖርቱ ይህንን አይመልስም፤ የሚመልሰው የባንክን ጥያቄ ነው። ፋይኮ የሚባለው የታወቀው ስኮር ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። የተቀመረውም አንድ ሰው በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ከብድሮቹ በአንዱ ላይ 90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የመዘግየት ዕድሉን ለአበዳሪ እንዲገምት ነው። ክሬዲት ካርድ፣ የመኪና ብድር፣ የትምህርት ብድርና ሞርጌጅ ውስጡ አሉ። የቤት ኪራይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ስለዚህ ለስድስት ዓመት የቤዝመንት ኪራዩን ለሐበሻ አከራይ በየወሩ በዜል የላከ ሰው ያ ሁሉ ክፍያ የትም አልተጻፈለትም። አንድም ዙር ሳያስተጓጉል ዕቁቡን የጣለ ሰውም እንዲሁ። በቅርብ የመጣ ደግሞ ጭራሽ ፋይል ስለሌለው በስኮሩ ቦታ ቁጥር አይወጣለትም። ይህንን እንደ መጥፎ ስኮር የሚቆጥሩ አከራዮች ብዙ ናቸው። መጥፎ ስኮር ማለት ተበድሮ ያልከፈለ ማለት ነው፤ ስኮር የለውም ማለት ገና አልተበደረም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጥል አከራይ፣ የሥራ ደብዳቤና የሁለት ወር ቼክ ስታብ ይዞ የመጣውን መሐንዲስ ዕዳውን ጥሎ ከጠፋው ሰው ጋር አንድ ያደርገዋል።

ሪፖርት ስከፍት መጀመሪያ የማጣራው ሰውየው ራሱ መሆኑን ነው። ወረቀቱ ከአንድ ቦታ የመጣ ይመስላል እንጂ ከየቦታው የተጣጣፈ ነው። የክሬዲቱ ክፍል ከኤኩፋክስ፣ ከኤክስፒሪያን ወይም ከትራንስዩኒየን ይመጣል። እዚያ የሶሻል ቁጥር ስላለ ከሌላ ሰው ጋር መቀላቀሉ ይቀንሳል። የኤቪክሽኑ፣ ማለትም ተከራይን ከቤት የማስወጣት ክሱ፣ እና የወንጀሉ ክፍል ግን መረጃ ሻጭ ኩባንያዎች ከየፍርድ ቤቱ መዝገብ የለቀሙት ነው፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ደግሞ የሶሻል ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኮምፒውተሩ የሚያገናኘው በስምና በትውልድ ቀን ነው፤ እሱንም አንዳንዴ በግምት።

ለሐበሻ ስም ይህ መከራ ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ የአባት ስም፣ ከዚያ የአያት ስም ነው። አሜሪካ ስንገባ አንዳንዱ በአባቱ፣ አንዳንዱ በአያቱ ስም "ላስት ኔም" ይወጣለታል፤ መንጃ ፈቃዱና የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የተለያዩበትም ሞልቷል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ስም አራት ዓይነት ይሆናል። በስደተኝነት የመጡ ብዙዎች የትውልድ ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። እንግዲህ ስሙ የተለመደ፣ ቀኑም ጃንዋሪ 1 የሆነ ሰው በኮምፒውተር ዓይን ስንት መንታ እንዳለው አስቡት።

አንዲት የነርስ ረዳት ለአሌክሳንድሪያ አፓርታማ አመለከተች። ሪፖርቷ ላይ ቴክሳስ የተመዘገበ የስርቆት ክስ ወጣ። ስሟና የአባቷ ስም ገጠመ፤ ቀኑ ጃንዋሪ 1፣ ዓመቱም ያው። የአፓርታማው ባለቤት "ሌባ ቤቴ ላስገባ?" አሉኝ። የአድራሻ ታሪኳን ወርጄ አየሁ፤ ሚኒሶታ፣ ከዚያ ቨርጂኒያ። ቴክሳስ የሚባል የለም። የክሱን መዝገብ ስከፍተው ደግሞ የተከሳሹ ፆታ "ወንድ" ይላል። ስሟ እንደ ደስታ፣ እንደ ብርሃኔ ለወንድም ለሴትም ከሚወጡት ነው፤ ኮምፒውተሩ ይህን ከየት ይወቅ? የአያቷን ስም ጠየቅኳት፤ ከተከሳሹ ጋር አይገናኝም። ጉዳዩ በአሥር ደቂቃ አለቀ። አሥሩን ደቂቃ ግን የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ሪልፔጅ የተባለውን ኩባንያ የወንጀል መዝገብን ከአመልካች ጋር የሚያገናኝበት ደንብ ልል ነው ብሎ ከሶት በ3 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተዋል። በ2020 አፕፎሊዮ 4.25 ሚሊዮን ከፍሏል። በ2023 ደግሞ የትራንስዩኒየን የተከራይ ማጣሪያ ክፍል፣ አንዱን የኤቪክሽን ጉዳይ ደጋግሞ በማውጣትና በፍርድ ቤት የታሸጉ መዝገቦችን በማካተት ጭምር ተከሶ 15 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆኗል። በየቤቱ የሚታተመው ሪፖርት የሚወጣው ከእንደነዚህ ዓይነት ኩባንያዎች ነው።

የኤቪክሽኑን ነገር ልጨርሰው። ከ2017 አጋማሽ ወዲህ የፍርድ ቤት የዕዳ ውሳኔ በሦስቱ ቢሮዎች የክሬዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም። ስለዚህ "ክሬዲቷ ንጹሕ ነው፣ ኤቪክሽን የላትም" ማለት አይቻልም፤ ለብቻው መታየት አለበት። ሲታይም ክስ መመሥረቱና ውሳኔ መሰጠቱ ለየቅል ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ኪራይ በዘገየ ቁጥር ፍርድ ቤት መሮጥ የትልልቅ አፓርታማ አስተዳዳሪዎች ልማድ ሆኖ ኖሯል፤ ተከራዩ ደግሞ ሳይወጣ በፊት ዕዳውን ከከፈለ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ሪፖርቱ ላይ ሦስት ክስ ታዩበታላችሁ፤ አንድም ቀን ግን ከቤት አልተባረረም። እኔ የማየው ጉዳዩ በምን እንደተዘጋ ነው። ዲሲ ላይ እንዲያውም በ2022 በወጣው ሕግ ባለቤቱ ቤቱን እንዲረከብ ሳይወሰን የተዘጋን ክስ አከራይ ከናካቴው ምክንያት ማድረግ አይችልም።

ወደ ክሬዲቱ ስመለስ፣ ቀንና ዓይነት ነው የማየው። አብዛኛው መጥፎ ነገር ሰባት ዓመት ይቆያል፤ አንዳንዱ ባንክረፕሲ አሥር። የስድስት ዓመት ተኩል የስልክ ዕዳ ለእኔ ምንም አይነግረኝም። የሐኪም ቤት ዕዳንም አልፈዋለሁ፤ የታመመ ሰው ኪራይ አይከፍልም ያለው ማነው? ሦስቱ ቢሮዎችም ራሳቸው ከ2023 ጀምሮ ከ500 ዶላር በታች ያለውን ከሪፖርቱ ሰርዘውታል። በ2025 ደግሞ ያልተከፈለ የትምህርት ብድር እንደገና መመዝገብ ሲጀምር ብዙ ደህና ፋይሎች በአንድ ጊዜ ወደቁ፤ ሌላው መስመር ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ስኮሩ ብቻ ከተሰበረ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። የምቆምበት መስመር ከቀድሞ አፓርታማ ወደ ኮሌክሽን የተላከ ዕዳ ነው፤ ለኪራይ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነውና። እዚያም ቢሆን እጠይቃለሁ። አንዳንዱ የሦስት ወር ያልተከፈለ ኪራይ ነው፤ አንዳንዱ ውል ሳያልቅ የወጣ ሰው የተጣለበት ቅጣትና የምንጣፍ ማጠቢያ ነው።

ገቢ ላይ የምንሳሳተው በኡበርና ሊፍት ሾፌሮች ነው፤ ነገሩ የእኛ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ኪራዩ 1,400 ዶላር ነው እንበል። ባለቤቱ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ይፈልጋሉ፤ በወር 4,200። አመልካቹ የ2024 ታክሱን ያመጣል። አጠቃላይ ገቢ 82,000። የኩባንያው ኮሚሽንና ክፍያ 21,000፤ ማይሉ 38,000 በ67 ሳንቲም ሲባዛ 25,460፤ ልዩ ልዩ 1,500። በታክስ ቅጹ፣ ስኬጁል ሲ ላይ፣ የሚቀረው 34,040 ነው፤ በወር 2,836። ባለቤቱ "አይችልም" ይላሉ። ነገር ግን 25,460ው መንግሥት የፈቀደው ተቀናሽ እንጂ ከኪሱ የወጣ ገንዘብ አይደለም። በቤንዚን፣ በጥገናና በኢንሹራንስ የከፈለው 12,000 ቢሆን በእጁ የቀረው 47,500 ነው፤ በወር ወደ 3,960። አሁንም ከመስፈርቱ ትንሽ ይጎድላል፤ ሆኖም 2,836 ካለው ሰው ጋር አንድ አይደለም። ሌላው ሾፌር ደግሞ 82,000ውን ብቻ አሳይቶ "ይኸው ገቢዬ" ይላል። እሱም አላማረበትም። ሁለቱንም የምፈታው የባንክ ስቴትመንት በማየት ነው፤ በየሳምንቱ የሚገባው ገንዘብ አይዋሽም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሪፖርቱን አይተን ሰውየውን ካልተቀበልነው በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ እንድንነግረው ያስገድዳል፤ ከሪፖርቱ የተነሣ መሆኑን፣ የኩባንያውን ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ ውሳኔውን የወሰነው ኩባንያው አለመሆኑን፣ በ60 ቀን ውስጥ ነፃ ቅጂ የማግኘትና ስህተት ካለ የመከራከር መብት እንዳለው። ሕጉ አንድ ቤዝመንት ያለውንም አከራይ ይመለከታል። በሪፖርቱ ምክንያት ዋስ አምጣ ወይም ዲፖዚት ጨምር ማለትም ያው ነው፤ ለነገሩ ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መቀበል አይቻልም።

እኛ ግን ይሉኝታ አለብን። በሪፖርትህ ምክንያት አልተቀበልንህም ከማለት "ወንድሜ ሊመጣብኝ ነው" ማለት ይቀለናል። ወይም ስልክ አለማንሳት። ጨዋነት ይመስለናል። ያቺ የነርስ ረዳት እኔ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ሐበሻ አከራዮች መልሰዋታል፤ አንደኛው ልጃቸው ከኮሌጅ ሊመለስ እንደሆነ ነግረዋታል፤ ሌላኛዋ ዝም ብለዋል። ሁለቱም ሪፖርት አውጥተው ነበር፤ የማመልከቻውንም ገንዘብ ተቀብለዋል። አንዱ ቢነግራት ኖሮ የቴክሳሱን ሰውዬ ጉድ ያኔ ታውቀው ነበር። ብትከራከር ደግሞ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት ነበረበት። እሷ ግን ሁለት ጊዜ ከፍላ ምክንያቱን ሳታውቅ ተመለሰች። በይሉኝታ የተደበቀ ስህተት ታርሞ አያውቅም፤ ለሚቀጥለው አከራይ እንዳለ ይታተማል።

ሕግን ካነሣን፣ በሐበሻ ገበያዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ "ለሐበሻ ብቻ" የሚል ወረቀት የምትለጥፉ አከራዮችም አላችሁ። በ1968ቱ የመኖሪያ ቤት ፍትሕ ሕግ በትውልድ አገር ለይቶ ማስታወቂያ ማውጣት ክልክል ነው፤ በራሳችሁ ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ብትሆንም። የሰውን ሪፖርት ደግሞ በቡና ላይ አታውሩት፤ ሥራው ሲያልቅ ቀዳዱት፤ እሱም ሕግ ነው።

አመልካቾች ሆይ፣ ሦስቱ ቢሮዎች የራሳችሁን ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣሉ፤ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ አውጥታችሁ ከማመልከታችሁ በፊት አንብቡት። የሚያስጠይቅ መስመር ካለ አከራዩ ሳያየው በፊት እናንተ ንገሩት፤ አንድ ገጽ ጽፋችሁ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አያይዙ። ከዜል የኪራይ ክፍያችሁን የአሥራ ሁለት ወር ዝርዝር አትሙ። ስማችሁን በመንጃ ፈቃዱ ላይ ባለው ፊደል ብቻ ጻፉ፤ ማመልከቻው ቦታ ባይኖረውም የአያት ስማችሁን ጨምሩበት።