የግብር እፎይታ ደብረ ኤልያስ ሲደርስ

ደብረ ኤልያስ ላይ የዱቄት ፋብሪካ ልትከል ብሎ የተነሣ ሰው ከወዳጅ ዘመድ ቀድሞ የሚሰማው «ለጥቂት ዓመት ግብር አትከፍልም፤ ማሽኑም ቀረጥ ነፃ ይገባልሃል» የሚለውን ነው። የተባለው ሐሰት አይደለም። ሰውዬው ግን ሳይውል ሳያድር ትራንስፎርመር ፍለጋ ሲመላለስ፣ ሳይት ፕላን ሲጠብቅ፣ ባንክ ደጅ ሲጠና ይገኛል። «ማበረታቻ» የተባለው ነገር የትኛውን ችግር እንደሚፈታ፣ የትኛውን ደግሞ ጭራሽ እንደማይነካ ለይቶ ማወቅ ይበጃል።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ወረዳው በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ይገኛል፤ ቆላው ወደ ዓባይ ወርዶ ከኦሮሚያ ጋር ይዋሰናል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር ከሚገባው አውራ ጎዳና ወጣ ብላ ተቀምጣለች። የደብረ ኤልያስን ስም ከሁሉ በላይ ያስጠራው የቅኔ ጉባኤዋ ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ከጉባኤው ቀጥሎ የሚነሣው እህሏ ነው፤ ስንዴውና በቆሎው። ፋብሪካ ልትከል ለሚል ሰው ጥሬ ዕቃው ደጁ ላይ አለ ማለት ነው።

ወደ ሕጉ እንግባ። አሁን የሚሠራበት የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ነው። ማን ምን እንደሚያገኝ የሚዘረዝረው ግን አዋጁ ሳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ደንብ ቁጥር 270/2005 ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 517 ወጥቷል። እዚህ የምጠቅሳቸው የዓመት ልኬቶች የ270 ናቸው፤ ብዙው ባለሀብት ፈቃድ ያወጣው በእርሱ ዘመን ነውና። ዛሬ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የራሱን ዘርፍ ከአዲሱ ሰንጠረዥ ላይ ይመልከት።

ማበረታቻው ሁለት ዋና ክንድ አለው። አንደኛው የገቢ ግብር እፎይታ ነው። ለአምራች ኢንዱስትሪ እንደ ዘርፉ ከ1 እስከ 6 ዓመት ይደርስ ነበር፤ ቢያንስ 60 በመቶ ምርቱን ወደ ውጭ ለሚልክ ደግሞ 2 ዓመት ይጨመርለት ነበር። ሁለተኛው የካፒታል ዕቃና የግንባታ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ማስገባት ሲሆን፣ መለዋወጫም ከማሽኑ ዋጋ እስከ 15 በመቶ ድረስ አብሮ ይገባ ነበር። ማሽኑን ከአገር ውስጥ አምራች ለገዛም ሰው ለጥሬ ዕቃው የተከፈለው ቀረጥ ይመለሳል። ይህን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? በቁጥር እንየው። ፋብሪካው በዓመት 4 ሚሊዮን ብር አተረፈ እንበል። የድርጅት የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ 1.2 ሚሊዮን ብር በኪሱ ይቀርለታል። ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ የሚገኘው ግን ካተረፈ ብቻ ነው። የእፎይታው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ማትረፍ ሲጀመር ሳይሆን ማምረት ሲጀመር ነው። ገጠር ከተማ ላይ የተተከለ ወፍጮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት መብራት ሲጠፋ፣ ሲበራ፣ ሠራተኛ ሲያሠለጥንና ገበያ ሲያፈላልግ ነው የሚያሳልፋቸው። ኪሳራ ላይ ደግሞ ግብር የለም፤ ያልነበረ ግብር ቢማሩት ምን ይጠቅማል? ደንቡ ይህን አልዘነጋውም፤ በእፎይታው ወቅት የደረሰውን ኪሳራ ለእፎይታው ግማሽ ያህል ጊዜ ማሸጋገር ይፈቅድ ነበር። ቢሆንም ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው በመጀመሪያው ዓመት የሚያተርፈው ነው፤ እርሱ ደግሞ ያለ እፎይታም ይመጣ ነበር። ቀረጥ ነፃው ግን ገንዘቡ በሚቸግርበት በመጀመሪያው ወር ይደርሳል። ለእኔ ከሁለቱ ዋናው እርሱ ነው።

ቀረጥ ነፃ የራሱ ጣጣ አለው። በፋብሪካ ስም የገባ ብረት የከተማ ፎቅ ሲሠራበት፣ ለእርሻ ተብላ የገባች ፒክአፕ አስፋልት ላይ ስትመላለስ ያላየ የለም። ሕጉ ዕቃው ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ እንዲከፈል ያዛል፤ ችግሩ የሚከታተል ዓይን ማነስ ነው። መሬት አጥሮ ማስቀመጥም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ፈቃድ ወጥቶበት፣ ቆርቆሮ ተመትቶለት፣ ዓመታት ያለፉት ባዶ ቦታ በየከተማው መግቢያ አለ።

አሁን ደብረ ኤልያስን በቀጥታ ወደሚነካው ነጥብ ልምጣ። የ270 ሰንጠረዥ ኢትዮጵያን የከፈለው በሁለት አምድ ነበር። አንዱ አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን፣ ሌላው «ሌሎች አካባቢዎች» የተባለው ነው። በዚህ አከፋፈል ደብረ ኤልያስና አዳማ እኩል ነበሩ። አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ የባቡር ጣቢያና የደረቅ ወደብ ጎረቤት አላት፤ ደብረ ኤልያስ ከአውራ ጎዳናው ራሱ ወጣ ያለች ናት። በልማት ወደኋላ ለቀሩ ቦታዎች ተብሎ የተጨመረው ደግሞ ከእፎይታው በኋላ ለ3 ዓመት የሚቀጥል የ30 በመቶ የግብር ቅናሽ ነበር። ይህን የሚያገኙት ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ሶማሌ፣ ከአዋሽ ግራና ቀኝ 15 ኪሎ ሜትር በቀር አፋር፣ ጉጂና ቦረና፣ እንዲሁም የደቡብና የደቡብ ምዕራብ አንዳንድ ዞኖች ነበሩ። የዓባይ በረሃ ዳር ያለው የጎጃም ቆላ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፤ ሙቀቱና መንገድ ማጣቱ ግን ከተዘረዘሩት አያንስም። ልኬቱ በክልልና በዞን ስም ከሚሆን በወረዳ መሠረተ ልማት ቢሆን ይህ ዓይነቱ መዛባት አይመጣም ነበር።

ክልሉስ ምን ማድረግ ይችላል? ሕገ መንግሥቱ የግብርን ሥልጣን ከአንቀጽ 96 እስከ 98 አከፋፍሎታል። የግለሰብ ነጋዴ የትርፍ ግብር፣ የአርሶ አደር የእርሻ ገቢና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የክልሉ ነው፤ የኩባንያ የትርፍ ግብር ደግሞ የጋራ ነው። እፎይታውን የሚወስነው ግን አዲስ አበባ ላይ የሚወጣ ደንብ ነው። ክልሉ ሊሰበስበው የሚችለውን ግብር ሌላ ሲምርለት ቆይቷል ማለት ይቻላል። ለክልሉ ቢሮና ለወረዳው የሚቀራቸው ትልቁ መሣሪያ መሬት ነው፤ የት እንደሚሰጥ፣ በምን ያህል ሊዝ ወይም ኪራይ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ።

መሬት ሲባል ደግሞ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ቀልድ የለም፤ ለምን እንደሆነ ታሪኩ ይነግረናል። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኢንቨስትመንት ሕጎች የወጡት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በ1950ዎቹ ነው። በዚያ አሥርት መጨረሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 242 ቢያንስ 200 ሺህ ብር ላፈሰሰ ባለሀብት የ5 ዓመት የገቢ ግብር ምሕረት ሰጠ። በዚያው ሰሞን፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ባለ 200 ሺህ ብሩ ሲማር ገበሬው ምርቱ ተገምቶ ግብር እንዲጨምር ተጠየቀ። ቢቸናና ሞጣ ገማች ሲመጣ ርስቴን ሊለኩብኝ ነው ብለው ተነሡ፤ አመፁ ወደ ሌሎች ወረዳዎችም ሰፋ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የገበሬው ውዝፍ ግብርም ተማረ። ጎጃም ያገኘው ትልቁ የግብር ምሕረት የተገኘው በኢንቨስትመንት ሕግ ሳይሆን በነፍጥ ነበር። ይህን የማያውቅ ሹም «ለልማት ነው» ብሎ ሜትር ይዞ ማሳ ውስጥ ሲገባ ለምን ፊት እንደሚጠቁርበት አይገባውም።

ደርግ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉንም ገለበጠው። መሬትም ፋብሪካም ወደ መንግሥት ዞረ፤ ለግል ኢንዱስትሪ የተተወው ጣሪያ 500 ሺህ ብር ነበር። ከ1984ቱ አዋጅ ቁጥር 15 ወዲህ አዋጁ በየጥቂት ዓመቱ እየተለወጠ እስከ 1180 ደርሷል። መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቀረ፤ ስለዚህ ባለሀብቱ መሬት የሚያገኘው ገበሬው ሲለቅ ነው። በ1997ቱ የካሣ አዋጅ ተነሺው የሚያገኘው የ5 ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት 3 ዓመታት የተሻለውን ገቢ በ15 ወደ ማባዛት ከፍ አድርጎታል። በወረቀት መሻሻል ነው። ሆኖም ከ15 ዓመት በኋላ የልጁ ማሳ የት ነው የሚለውን ጥያቄ አይመልስም።

ሌላ መንገድ አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ይዞ ከባለሀብት ጋር በውል አብሮ እንዲያለማ ይፈቅድ ነበር። አርሶ አደሩ ከመሬቱ አይነሣም፤ ባለሀብቱም የካሣ ዕዳና የጎረቤት ቂም አይገዛም። ይህ አሠራር ሳይለመድ መቅረቱ ያስቆጫል።

የኅብረት ሥራም አለ። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራትን ከገቢ ግብር ነፃ አድርጎ ግብሩን አባላቱ ከሚከፋፈሉት ትርፍ ላይ ብቻ የሚጠይቅ አሠራር አስቀመጠ። ለባለሀብቱ በዓመት የተቆጠረው እፎይታ ለማኅበር የዓመት ገደብ አልነበረበትም። ደብረ ማርቆስ ላይ የጎዛምን ዩኒየን አለ፤ እንዲህ ያለ ዩኒየን ስንዴውን ገዝቶ ራሱ ቢፈጭ ከማንኛውም ባለሀብት የተሻለ የግብር መነሻ ይኖረው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ማሽን፣ የመስኖና የእንስሳት መኖ መሣሪያዎች ያለ ቀረጥና ታክስ እንዲገቡ ተፈቅዷል። ይህ ከእፎይታው ሁሉ ቀድሞ ገበሬው ጋ ሊደርስ የሚችል ማበረታቻ ነው።

ጎረቤት ያለውንም እንይ። በ2013 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ደብሊው ኤ፣ ቡሬ ላይ ፌቤላ የተባሉ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመረቁ፤ ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም አላት። ደብረ ኤልያስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ናት። እንደዚህ ያለ ፋብሪካን የሚያሳስበው የእፎይታው ዘመን ከሚሆን ይልቅ መጭመቂያው የሚበላው የቅባት እህል ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ፋብሪካ ከጎን ሲተከል ለወረዳው ትልቁ ማበረታቻ የተረጋጋ የእህል ገዢ ማግኘት ነው።

ውጭ አገርም ታሪኩ ብዙ አይለይም። አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ እ.ኤ.አ. በ1936 ፋብሪካ ለመሳብ ሕግ ካወጣች ወዲህ ክፍላተ አገራቱ በግብር ቅናሽ ይፎካከራሉ። ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ2017 የኤሌክትሮኒክስ አምራቹ ፎክስኮን 13 ሺህ ሰው ሊቀጥር ነው ተብሎ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ማበረታቻ አቀረበች፤ በ2021 ውሉ ተከልሶ ወደ 80 ሚሊዮን ዶላርና 1,454 ሥራ ወረደ። ዊስኮንሲንን ያዳናት ገንዘቡ ከሥራ ቅጥሩ ጋር በውል መታሰሩ ነው፤ ቅጥሩ ካልመጣ ምሕረቱም አይመጣም። የእኛ እፎይታ በዓመት የሚቆጠር እንጂ በተቀጠረ ሰው የሚቆጠር አይደለም። በእኛም አገር የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ ትልቁ ስም የነበረው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሥራውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ የግብር እፎይታው አልተነካበትም ነበር፤ የሰሜኑ ጦርነትና አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል መታገዱ ነው ያስወጣው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ባለው ግጭት የጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ሲቸገር፣ የ5 ዓመት እፎይታ የ10 ዓመት ቢሆን የሚለውጠው ነገር የለም።

ስለዚህ ፋብሪካ ልትከል ያልክ ወዳጄ፣ ስለ እፎይታው ከመጠየቅህ በፊት ስለ መብራቱ ኃይል፣ ስለ መንገዱና ስለ መሬቱ ባለቤት ጠይቅ። ቀረጥ ነፃውን ተጠቀምበት፤ ከገበሬው ጋር አብሮ የማልማቱን ውልም ሕግ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተመካከርበት። ለክልሉ ምክር ቤትና ለወረዳው አስተዳደር ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ለማን ስንት ሄክታር እንደተሰጠ፣ በቀረጥ ነፃ ምን እንደገባ፣ ስንት ሰው እንደተቀጠረ በዓመት አንድ ጊዜ ጻፉና የወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት።