የአሞሌ ጉዞ፤ ከአሳሌ በረሓ እስከ ላስታ ገበያ

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ አንድ አሞሌ ጨው አንሥቶ ዋጋውን የሚጠይቅ ሸማች፥ የሚከፍለው ለጨው ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም ጭምር መሆኑን ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ጨው በሚገኝበት በአሳሌ ሜዳ እንደ ድንጋይ ተነጥፎ የተኛ ነገር ነው። ዋጋ የሚያገኘው ሰውና ከብት በበረሓ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ቀን ተጉዘው ወደ ደጋ ሲያወጡት ነው። ስለዚህ ይህን ጉዞ በዝርዝር መመልከት፥ የማናቸውም ዕቃ ዋጋ ከምን ከምን እንደሚሠራ ለነጋዴ ያስረዳል።

አሳሌ በአፋር ምድር ከዳሎል አጠገብ፥ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ላሊበላ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በዳሎል በተደረገው ልኬት፥ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህም ሰው በሚኖርበት ስፍራ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ ነው።

ጨው ለማምጣት ወደዚህ ቆላ መጓዝ በሰሜኑ ሕዝብ ዘንድ «አርሆ መውረድ» ይባላል። ቅፍለቱ የሚወርደው ሙቀቱ ጋብ በሚልበት ወራት ነው። ግመሉ፥ በቅሎውና አህያው ከምሥራቅ ትግራይ ደጋ ተነሥተው ወደ በራህሌ ይወርዳሉ። ከበራህሌ ወዲያ መንገዱ የሳባን ወንዝ ተከትሎ፥ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል በሆነ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ እስከ ሐመድ ኤላ ሁለት ቀን ያህል የእግር ጉዞ አለ። ተጓዡ የቀኑን ሐሩር ለመሸሽ በሌሊትና በማለዳ ይገሠግሣል። ሸለቆው ውሃ ያለበት መሆኑ ለከብቱ በረከት ቢሆንም፥ በደጋ የዘነበ ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ሲደርስ ማምለጫው ጠባብ ነው።

ስንቁ ቀላልና የማይበላሽ መሆን አለበት። በጋለ ድንጋይ ላይ ሊጥ ጠቅልሎ የሚጋገረው ብርኩታ፥ ቆሎና በሶ የዚህ መንገድ ምግብ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን አስተዋይነት የሚጠይቀው የከብቱ መኖ ነው። በበረሓው ሣር ስለማይገኝ፥ ከብቱ ሲወርድ የራሱን ጭድ ተሸክሞ ይሄዳል። ባለቤቱም ከጭዱና ከስንቁ ከፍሎ በየማደሪያው እያስቀመጠ ያልፍና ሲመለስ ያነሣዋል። ያን ያኖረውን ሌላ ሰው ቢወስድበት፥ ጨው የተጫነው ከብት በመንገድ ይቀራል። እንግዲህ ይህ ንግድ ከገንዘብ አስቀድሞ በመተማመን የቆመ ነበር ማለት ይቻላል።

በአሳሌ ሥራው የተከፋፈለ ነው። አንዱ የጨውን ንጣፍ በእንጨት ፈንቅሎ ያነሣል፤ ሌላው በመጥረቢያ ጠርቦ በልክ ያስተካክላል፤ ሌላው ይጭናል። ከዚያ በኋላ ያው ሸለቆ ሽቅብ ይወጣል። አሞሌው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከትግራይ ወደ ሰቆጣ፥ ከሰቆጣም ወደ ላስታ ይገባ ነበር። የዋግዋ ሰቆጣ በዚህ ንግድ ስሟ የታወቀ ገበያ ነበረች። በየገበያው ነጋዴው ትርፉን፥ በየኬላው ቀራጩ ቀረጡን ይጨምርበት ነበር፤ ተሰብሮና ረጥቦ የሚጎድለውም በቀሪው ላይ ይታሰባል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየውና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ በዚያን ዘመን ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ተመልክቷል። ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው ገበያ በገበያ እየጨመረ መሄዱንም አስተውሏል። አሞሌ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ከወጣ በኋላ እንኳ በብዙ አገር መገበያያ ሆኖ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ቆይቷል።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የመኪና መንገድ ወደ ጨው ሜዳው ስለ ተዘረጋ፥ ግመል በቀናት ይፈጽመው የነበረውን መንገድ ከባድ መኪና በሰዓታት ይጨርሰዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ጦርነትም ይህን ንግድ እጅግ ጎድቶታል። በሌላ በኩል በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዝዛል። አዮዲን ማጣት ለእንቅርት ስለሚዳርግ፥ ይህ ለደጋው ሕዝብ ትልቅ ጥቅም ነው። ጥርብ አሞሌን ግን በአዮዲን ማዋሃድ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ የሚስማማው ለከብት ልሶ ነው። ባለሱቅም ሁለቱን ለይቶ ሊያስቀምጥና ለገዢው ሊያስረዳ ይገባዋል።

ከዚህ ጉዞ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የዕቃውን መግዣ ብቻ አስቦ የሚነሣ ነጋዴ ሒሳቡን ገና በግማሽ ሠርቷል፤ የመመለሻውን ጭድ አስቀድሞ ያሰበ ግን ጭነቱን በደኅና ከገበያ ያደርሳል።