ሊሚት ስዊች በዝግ ዑደት የሞተር ቁጥጥር

ሊሚት ስዊች በሞተር የሚንቀሳቀስ የማሽን ክፍል የጉዞው ጫፍ ላይ መድረሱን የሚያሳውቅ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ተንቀሳቃሹ ክፍል የስዊቹን ክንድ ሲገፋ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። በአሳንሰር፣ በፋብሪካ ክሬን፣ በኤሌክትሪክ በር፣ በሲኤንሲ ማሽንና በስሪዲ ፕሪንተር ላይ ይገኛል። ሞተሩ በቀጥታ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር በተገናኘበት ቀላል ማሽን ሥራው ግልጽ ነው፤ ሲነካ ኮረንቲውን ይቆርጣል፣ ሞተሩም ይቆማል። ሞተሩን የሚያዝዘው የዝግ ዑደት ተቆጣጣሪ ሲሆን ግን ይኸው አሠራር ራሱ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

የዝግ ዑደት አሠራር

በዝግ ዑደት ተቆጣጣሪው ለሞተሩ ትእዛዝ ሰጥቶ ዝም አይልም። በሞተሩ ዘንግ ላይ የተገጠመ ኢንኮደር የሚባል መለኪያ ዘንጉ ምን ያህል እንደዞረ እየቆጠረ መልሶ ይነግረዋል። ተቆጣጣሪው የታዘዘውን ቦታ ከተለካው ጋር ያነጻጽራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስህተት ይባላል። ይህ ስህተት እስኪጠፋ ድረስ ለሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል ያለማቋረጥ ያስተካክላል። በጣም የተለመደው የስሌት ዘዴ ፒአይዲ ሲሆን ሦስት ነገሮችን ይደምራል፤ የአሁኑን ስህተት፣ እስካሁን የተጠራቀመውን ስህተት፣ እንዲሁም ስህተቱ የሚለዋወጥበትን ፍጥነት። ለሊሚት ስዊች ጉዳይ ወሳኙ ሁለተኛው ነው።

የሞተሩን ሽቦ መቁረጥ ለምን አይበቃም

ስዊቹ በተቆጣጣሪውና በሞተሩ መካከል ባለው የኃይል ሽቦ ላይ ቢገጠም ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ ሞተሩ ይቆማል፤ ተቆጣጣሪው ግን ይህን አያውቅም። እርሱ የሚያየው ገና ያልደረሰ ማሽን ነው። ስለዚህ ትእዛዙን እስከ መጨረሻው ያሳድጋል፣ የተጠራቀመውም ስህተት እየተከመረ ይሄዳል። አንድ ሰው ማሽኑን በእጁ ገፋ አድርጎ ከስዊቹ ሲያላቅቀው ሽቦው እንደገና ይገናኛል፤ ሞተሩም በሙሉ ኃይሉ ወደዚያው ጫፍ ይወረወራል። እጅ የሚጎዳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ከዚህ ሌላ የሞተር ጥቅልል ኮረንቲው ድንገት ሲቋረጥበት ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ የስዊቹን መገናኛ በብልጭታ ይበላል፤ አንዳንድ ተቆጣጣሪዎችንም ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ የስዊቹ ሽቦ መሄድ ያለበት ወደ ተቆጣጣሪው የምልክት መግቢያ ነው። ምልክቱ ሲደርስ ተቆጣጣሪው ወደዚያ አቅጣጫ የሚወስድ ትእዛዝን ይከለክላል፣ የስህተቱን ክምችት ያቆማል ወይም ይሰርዛል፣ ዒላማውንም ማሽኑ አሁን ወዳለበት ቦታ ይመልሳል። ወደ ተቃራኒው መሄድ ግን ሊፈቀድ ይገባል፤ አለበለዚያ ማሽኑ ጫፍ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል።

የስዊቹ መገናኛ ዘወትር ዝግ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። በዚህ አገናኝ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ሶኬት ቢላቀቅ ስዊቹ እንደተነካ ይቆጠራልና ማሽኑ ይቆማል፤ ብልሽቱም ወዲያው ይታወቃል። ዘወትር ክፍት በሆነው ግን የተበጠሰ ሽቦ ለወራት ሳይታወቅ ቆይቶ መጀመሪያ የሚታወቀው ማሽኑ ከማገጃው ጋር ሲላተም ነው።

ስዊቹ የሚተከልበት ቦታ

ምልክቱ ደረሰ ማለት ማሽኑ ቆመ ማለት አይደለም። በሰከንድ 0.5 ሜትር የሚጓዝ ጋሪ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ መቀነስ የሚችል ከሆነ ለመቆም 62.5 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ተቆጣጣሪው ምልክቱን አይቶ ፍሬን እስኪጀምር 10 ሚሊሰከንድ ቢፈጅበት 5 ሚሊሜትር ይጨመራል። እንግዲህ ስዊቹ ከብረት ማገጃው ቢያንስ 67.5 ሚሊሜትር ቀድሞ መንቃት አለበት፤ ጋሪው እስኪቆም ድረስም እንደተጫነ መቆየት ይኖርበታል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የፍሬኑ ርቀት በአራት እጥፍ አድጎ 250 ሚሊሜትር ይሆናል። ማሽኑን ለማፋጠን የተደረገ ማስተካከያ የስዊቹን ቦታ የሚያስረሳ ከሆነ ውጤቱ ግጭት ነው።

ዑደቱ ሲሳሳት

የኢንኮደሩ ሽቦ ቢበጠስ ተቆጣጣሪው ሞተሩ እንዳልተንቀሳቀሰ ይቆጥርና ኃይል ይጨምራል። የኢንኮደሩ ሁለት የምልክት ሽቦዎች ቢቀያየሩ ደግሞ ዑደቱ ስህተቱን በመቀነስ ፈንታ ያባብሰዋል። ተቆጣጣሪው ሌላ የብልሽት መከታተያ ከሌለው እዚህ ላይ የሚደርሰው ከኢንኮደሩ ነጻ የሆነው ሊሚት ስዊች ነው።

ይሁንና እርሱም ሊታለል ይችላል። የቀኙና የግራው ስዊች ሽቦዎች በስህተት ቢቀያየሩ፣ ወደ ቀኝ የሚሄደው ማሽን የቀኙን ስዊች ሲነካ ተቆጣጣሪው የሚከለክለው የግራውን ጉዞ ነው፤ ማሽኑም ሳይገታ ይቀጥላል። የሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ሲገለበጡም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ማሽኑን መሃል ላይ አድርጎ በዝቅተኛ ኃይል ወደ ቀኝ እያስኬዱ የቀኙን ስዊች በእንጨት ወይም በሌላ ረጅም ነገር መንካት። ሞተሩ መቆም አለበት። የግራው ሲነካ ግን መቆም የለበትም።

መነሻ ቦታን ማግኘት

ለውጥን ብቻ የሚቆጥር ኢንኮደር ኃይል ሲጠፋ የነበረበትን ይረሳል። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ ቀስ ብሎ ወደ አንዱ ስዊች ይሄዳል፣ ሲነካው ጥቂት ያፈገፍጋል፣ ከዚያ ይበልጥ ዘግይቶ ዳግም ይነካውና ያንን ቦታ ዜሮ ይለዋል። በፕሮግራም የሚሰጡ የጉዞ ገደቦች እምነት የሚጣልባቸው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ስዊች

ሰው ሊጎዳ በሚችልበት ማሽን የተቆጣጣሪው ፕሮግራም ብቻውን አይታመንም። ከመጀመሪያው ስዊች አልፎ ሌላ ስዊች ይተከላል፤ ይህ ተቆጣጣሪውን ሳይጠይቅ የኃይል ምንጩን በኮንታክተር በኩል ይቆርጣል። አይኢሲ 60204-1 የተባለው የማሽኖች ደረጃ ኃይልን ወዲያው በመቁረጥ የሚደረገውን አቋቋም ምድብ 0፣ ቁጥጥር ባለው ፍሬን ካቆሙ በኋላ መቁረጡን ምድብ 1 ይላቸዋል። አሳንሰርም ከተለመደው የፎቅ ማቆሚያ ባሻገር እንዲህ ያለ የመጨረሻ ስዊች አለው። ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድ ጭነት ላይ ግን ኃይል መቁረጥ ጭነቱን ሊለቀው ይችላል፤ ስለዚህ ኮረንቲ ሲጠፋ በምንጭ ጉልበት የሚይዝ ፍሬን አብሮ ይገጠማል።