እሮሮ እንደ ጸሎት፦ መዝሙረ ዳዊት ለተጨነቀ ሰው የሚሰጠው ብርታት

በመከራ ጊዜ ጸሎት ብርታት ይሰጣል የሚለው አነጋገር በክርስቲያኖች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ብርታቱ በምን መንገድ እንደሚገኝ ግን እምብዛም አይመረመርም። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ጸሎት ልብን ያረጋጋል፣ ጭንቀትንም ያስረሳል የሚል ነው። በቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ሲጸለይ የኖረው መዝሙረ ዳዊት ግን ከዚህ መልስ ጋር አይስማማም። ከመዝሙራቱ መካከል በቁጥር የሚበዛው የእሮሮ መዝሙር ነው፤ እሮሮ ደግሞ ጭንቀትን በስሙ ጠርቶ ያቀርባል እንጂ አያስረሳም።

መዝሙራትን በይዘታቸውና በአገልግሎታቸው የመደበው ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ጉንከል የግለሰብን እሮሮ ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ለይቶታል። የዘርፉ አካሄድ በአጭሩ በመዝሙር 12 (በዕብራይስጡ ቁጥር 13) ይታያል፤ አቤቱታ ይቀድማል፣ ልመና ይከተላል፣ በመጨረሻም የመታመንና የምስጋና ቃል ይመጣል። አቤቱታው ለስላሳ አይደለም፤ «እስከ መቼ» የሚለው ጥያቄ በመክፈቻው አራት ጊዜ ይመላለሳል። ከዚህ ሙግት ወደ ምስጋና የሚደረገው ሽግግር ድንገተኛ ስለሆነ ምሁራንን አከራክሯል። ዮአኪም ቤግሪሽ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሁለቱ መካከል ካህኑ የመዳንን ቃል ያሰማ ነበር የሚል ግምት አቀረበ። ግምቱ ማራኪ ቢሆንም በመዝሙሩ ውስጥ ያ ቃል አይገኝም። የሚገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያማርረው ሰው ንግግሩን አላቋረጠም።

ይህ ነጥብ በመዝሙር 87 (በዕብራይስጡ 88) ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። በዚህ መዝሙር ሽግግር የሚባል ነገር የለም። ጸሎተኛው ቀንና ሌሊት ይጮኻል፣ ወዳጆቹ ርቀውታል፣ መዝሙሩም በጨለማ ያበቃል። መጽናናትን ፈልጎ የሚያነበው ሰው ባዶ እጁን የሚመለስ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንግግሩ በሁለተኛ መደብ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ሳይሆን ለእግዚአብሔር ይነገራል።

ልዩነቱ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከሌላ የጥናት መስክ መረዳት ይቻላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬኔት ፓርጋመንት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 596 ሕሙማንን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። እግዚአብሔር ትቶኛል የሚል ስሜትን የመሰለ መንፈሳዊ ትግል ውስጥ የነበሩት የመሞት ዕድላቸው በመጠኑ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የመተው ስሜት እንዲሁ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ጥናቱ ስለ መዝሙራት አልተደረገም፤ ነገር ግን «ትቶኛል» ብሎ ብቻውን በሚያሰላስል ሰውና «ለምን ተውኸኝ» ብሎ በሚጠይቅ ሰው መካከል ያለውን ርቀት ማሰብ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ሰው ሕመሙ ባይቀልለትም የሚሰማው እንዳለ አድርጎ ይናገራል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህ ጉዳይ ከአስተሳሰብ አልፎ ሥርዓት ሆኗል። የአብነት ተማሪ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ዳዊት ይደግማል፤ ንባቡም ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። 150ው መዝሙራት በዐሥር በዐሥር ተመድበው እያንዳንዱ ምድብ «ንጉሥ» ይባላል፤ በጠቅላላው 15 ንጉሥ ይሆናል። ለሳምንቱ ቀናትም ተከፋፍለዋል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ እስከ ቅዳሜ ይሄዳል፣ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይነበባል።

የዚህ ክፍፍል ትልቁ ጥቅም የደጋሚውን ስሜት አለመጠየቁ ነው። በሰኞ ድርሻ ውስጥ እሮሮውም ምስጋናውም አለ፤ ደስ ያለው ሰው የተጨነቀውን ቃል ይናገራል፣ ያዘነውም የምስጋናውን። ቀን የወጣለት ሰው በአፉ የያዘው እሮሮ፣ ቀን ሲጨልምበት ከየት ላምጣ ሳይል የሚያገኘው ስንቅ ይሆንለታል። በብርቱ ኀዘን ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ቃል ማዋቀር ያቅተዋልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስከሬን ባለበት ቤት ዳዊት ሲደገም ደግሞ ኀዘንተኛው ባይናገርም ሌሎች ስለ እርሱ ይናገራሉ። ልማዱ አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ግእዙን ለማይሰማ ሰው ድግምቱ ድምፅ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ አፍ ሲሮጥም ልብ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከዚህ የሚከፋው ግን እሮሮን ጨርሶ ከጸሎት ማስወጣት ነው። አሜሪካዊው የብሉይ ኪዳን ሊቅ ዋልተር ብሩጌማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው ጽሑፍ፣ እሮሮ ከአምልኮ ሲጠፋ ምእመኑ ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው እሺታንና ምስጋናን ብቻ እንደሚሆን፣ የፍትሕ ጥያቄም አብሮ እንደሚታፈን ተከራክሯል። ልጁ የሞተበትን ሰው ወዲያው «አመስግን» የሚል አጽናኝ፣ ቅን ሐሳብ ቢኖረውም፣ መዝሙራቱ የፈቀዱትን ይከለክላል።

የሐሙስ ድርሻ ከ81 እስከ 110 ስለሆነ በጨለማ የሚያበቃው መዝሙር 87 በዚያ ቀን ይደርሳል። ደጋሚው መጽሐፉን በዚያ አይዘጋም። የሚቀጥለው 88 የእግዚአብሔርን ምሕረት በመዘመር ይጀምራል፤ ከአጋማሹ በኋላ ግን እርሱም ተመልሶ «እስከ መቼ» ይላል።