ባሮ ለምን በየክረምቱ ይሞላል?

ጋምቤላ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ባሮ ሊሞላ ይችላል። ውሃው በአብዛኛው የሚመጣው ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ነውና። የብርብርና የገባ ወንዞች ተገናኝተው ባሮን ይፈጥራሉ፤ ባሮም ከደጋው ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ዳርቻውንም አልፎ ይተኛል።

ከተማዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ሙላት ምክንያት ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ቡና የሚጭኑት የካርቱም መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በክረምት ሲሞላ ነበር። ጎርፉ ሲሸሽ የሚተወው ደለልም ለአኙዋክ ገበሬ የበቆሎ ማሳ ነው። ሰው ከወንዙ ዳር የማይርቀው ለዚህ ነው።

ሙላቱ ልክ ሲያልፍ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። በ2014 ዓ.ም ክረምት መጨረሻ ባሮ የጋምቤላ ከተማን፣ ኢታንግን፣ ላሬንና ሌሎች ወረዳዎችን አጥለቀለቀ፤ በክልሉ ከ185 ሺህ በላይ ሰዎች ተፈናቀሉ።

ስለዚህ በወንዙ ዳር ያላችሁ ወገኖች፣ የራሳችሁን ሰማይ ብቻ አትዩ፤ የደጋውን ዝናብ ወሬ ጠይቁ። እህልና ከብት አስቀድማችሁ ወደ ከፍታ አውጡ። ጎርፍ ከነካው ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ፤ ልጆችም ከአጎበር ውጭ አይደሩ። ሰበቡን ማድረስ የኛ ድርሻ ነው።