ሰይደሊያ፣ ኬሚስት፣ ፋርማሲ፦ መድኃኒት ስትገዢ ማወቅ ያለብሽ ቃላት

አንድን ቤት በአራት ስም ሲጠሩት ሰምቻለሁ። አል ዓይን በሠራሁበት ቤት ማዳም «ሰይደሊያ» ትላለች፣ ሕንዳዊው ሾፌር «ኬሚስት»፣ ፊሊፒናዋ ሞግዚት «ፋርማሲ»፣ እኔ ደግሞ መድኃኒት ቤት። አራታችንም የምናወራው ስለዚያው መድኃኒት ስለሚሸጥበት ሱቅ ነበር።

ግራ የሚያጋባው ኬሚስት የሚለው ነው። አገር ቤት ኬሚስት ስንል ኬሚስትሪ የተማረ፣ ላብራቶሪ የሚሠራ ሰው ነው የሚመጣልን። በእንግሊዞች አነጋገር ግን መድኃኒት ሻጩም ሱቁም ኬሚስት ይባላል። ሕንዶችና ኬንያውያንም ከእነሱ ወርሰውታል። የሚገርመው ቃሉ «አል-ኪሚያ» ከሚለው ዓረብኛ የመጣ ነው፤ ሆኖም ዛሬ ዓረብ «ኪሚያ» ስትዪው መድኃኒት ቤት አያሳይሽም። ሰይደሊያ በዪው። ባለሙያው «ሰይደላኒ» ነው፤ ሴት ከሆነች «ሰይደላኒያ»። «ዶክተር» ብለሽ ብትጠሪያቸውም ደስ ይላቸዋል።

የእኛው «መድኃኒት» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሥሩ መዳን ነው፤ መድኃኔ ዓለም ከምንለው ጋር አንድ ነው። ግን የአይጥ መድኃኒትም አለ፣ «መድኃኒት አደረገችበት» ስንልም ሌላ ነገር ማለታችን ነው። ጥንቆላና ድግምት በኤምሬትስ ሕግ ወንጀል ነው። ስለዚህ ከአገር ቤት የተላከ ሥር፣ ቅጠል ወይም ዱቄት ስም በሌለው ላስቲክ ቋጥረሽ ሻንጣሽ ውስጥ አታስቀምጪ። አንቺ ለጉንፋን ብለሽ የያዝሽውን ሰው በሌላ ሊተረጉመው ይችላል።

ሰይደሊያ ሄደሽ የራስ ምታት ወይም የጉንፋን መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ ታገኛለሽ። አንቲባዮቲክ፣ ለምሳሌ አሞክሳሲሊን፣ ግን ማዘዣ ይጠይቃል። «ወስፋ አለሽ?» ካሉሽ ማዘዣውን ነው የሚሉት። ትራማዶል፣ ኮዴይንና ፕሪጋባሊን ደግሞ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ሊያሳስር ይችላል። ከአገር ቤት ለሌላ ሰው «ይህችን አድርሺልኝ» ተብለሽ መድኃኒት አትቀበዪ።

ስለ ፓናዶልም ልንገርሽ። ፓናዶል የንግድ ስም ነው፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት አገር ቤት የምናውቀው ፓራሲታሞል ነው። «አዶል» የሚባለውም ያው ነው። ለጉንፋን በሚሸጠው ፓናዶል ውስጥም ፓራሲታሞል አለ። አብራኝ ትሠራ የነበረች እህት ለራሷ አንዱን፣ ለጉንፋኗ ሌላውን ደርባ ስትውጥ ደርሼባት ካርቶኖቹን አንድ ላይ አነበብንላቸው፤ አንድ ዓይነት ነበሩ። አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም፤ ከዚያ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ማዳም ከካርቶኑ የወጣ ኪኒን እጅሽ ላይ ብታደርግልሽ «ካርቶኑን ላየው» ማለት ድፍረት አይደለም።

እነዚህን ቃላት ስልክሽ ላይ ጻፊያቸው፦

- ራሲ ይዓውረኒ፦ ራሴን ያመኛል
- በጥኒ ይዓውረኒ፦ ሆዴን ያመኛል
- ሀባ፣ ሀበቴን፦ አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ
- ከም መራ ፊል ዮም?፦ በቀን ስንት ጊዜ?
- ገብል አል-አክል፣ ባዕድ አል-አክል፦ ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ
- ዒንዲ ሐሳሲያ፦ አለርጂ አለብኝ
- አና ሓሚል፦ ነፍሰ ጡር ነኝ

እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ሳትጠየቂ ለሰይደላኒው ተናገሪ። ብዙ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም።

ገንዘቡስ? አሠሪሽ የጤና ኢንሹራንስ ሊገባልሽ ወይም የሕክምና ወጪሽን ሊሸፍን ይገባል። ይህ ከዲሴምበር 15 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የቤት ሠራተኞች ሕግ ተጽፏል። አቡዳቢና አል ዓይን ደግሞ ቀድሞም ቢሆን ከ2005ቱ የአቡዳቢ ሕግ ጀምሮ የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ የሚከፍለው አሠሪ ነው። የኢንሹራንሱ ገንዘብ ከደሞዝሽ ሊቆረጥ አይገባም። ኢንሹራንሱ ከኤምሬትስ አይዲሽ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ አይዲሽ በእጅሽ ከሌለ ሕክምናውም ይዘገያል። አይዲሽንና ፓስፖርትሽን ራስሽ የመያዝ መብት አለሽ።

ሐኪም አይቶ «አርፊ» ካለሽም ወረቀቱን አትጣዪው። ሕጉ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር፣ ቀሪው 15 ያለ ደሞዝ። ይህን ለማግኘት ግን የሕክምና ወረቀት ያስፈልጋል።

«ለእሷ ኪኒን ይበቃታል» እየተባለ ሐኪም ቤት መሄድ የሚከለከሉ እህቶች አሉ። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ፣ ደም ካየሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ሰይደሊያ አይበቃም። ለአምቡላንስ 998፣ ለፖሊስ 999 ደውዪ። ሕክምና ከተከለከልሽ ወይም ወጪው ከደሞዝሽ ከተቆረጠ የሠራተኛ አቤቱታ መቀበያው ቁጥር 80084 ነው። ቁጥሮቹን በአማርኛ ስም መዝግቢያቸው፤ ሲጨንቅሽ ቶሎ ታገኛቸዋለሽ።